ሹመት በአሳማ ክራንቻ፦ ስለ አምብሪም ደሴት ለጠየቃችሁን

ባለፈው እትም ስለ ቫኑዋቱ ደሴቶች ባጭሩ ጽፈን ነበር። ከመጡልን ጥያቄዎች አብዛኞቹ በአንዲት ደሴት ላይ ያነጣጠሩ ናቸው፤ በአምብሪም። ከአውስትራሊያ በስተምሥራቅ፣ በደቡብ ፓስፊክ የምትገኝ፣ 678 ካሬ ኪሎ ሜትር የምትሰፋ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ደሴት ናት። ተደጋጋሚውን ጥያቄ ወደ አንድ እያመጣን መልሰናል።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ በአምብሪም አለቅነት ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል ወይስ ሕዝቡ ይመርጣል?

መልስ፦ በደሴቲቱ ሰሜን ከሁለቱም አይደለም። ማዕረግ ይገዛል። «ይገዛል» ስንል ግን እንደ ገበያ ዕቃ አይቁጠሩት፤ ዓመታት የሚፈጅ የዕዳና የውለታ ሥራ ነው። ሥርዓቱ ማጌ ይባላል፤ ከታች ተጀምሮ ደረጃ በደረጃ ይወጣል፣ ጫፉ ላይ ያለው ማዕረግ ማል ነው። የትልቅ ሰው ልጅ መሆን ይጠቅማል፤ አባት ለልጁ አሳማም ባለዕዳም ትቶለት ይሞታልና። ማዕረጉን ግን አይተውለትም። ልጁ እንደማንም ሰው ከታች ይጀምራል።

አንድ ሰው ደረጃ ለመውጣት መጀመሪያ የሚፈልገው አሳማ ሳይሆን ሰው ነው፤ ያንን ማዕረግ ቀድሞ የያዘና የማሳለፍ መብት ያለው ሰው። ዋጋውን ከእርሱ ጋር ይነጋገራል። ቀጥሎ አሳማ ይሰበስባል፦ የራሱን፣ ያበደረውን አስመልሶ፣ የጎደለውን ተበድሮ። በዚህ መካከል ለማዕረጉ የሚገባውን ምስል ያስቀርጻል። ምስሉ የሚሠራው ዛፍ ከሚያህል የፈርን ግንድ ነው። ግንዱ ሥሩ አካባቢ ስለሚወፍር ቀራጩ ይገለብጠዋል፤ ወፍራሙ ጫፍ ወደ ላይ ይሆንና ትልቁ ፊት ከዚያ ይወጣል። ፊቱ በሸክላ አፈርና በቀለም ይለበጣል። ለቀራጩም፣ የዚያን ምስል ቅርጽ በባለቤትነት ለያዘውም አሳማ ይከፈላል። ገና ከሹመቱ በዓል በፊት ማለት ነው።

በዕለቱ ከበሮ ይመታል፣ ይጨፈራል፣ ክፍያው በአደባባይ አንድ በአንድ ይፈጸማል። ከፊሉ አሳማ ከነሕይወቱ ለሰጪውና ለዘመድ ይተላለፋል፤ በተለይ የእናት ወንድሞች ድርሻ የሚቀር አይደለም፣ ሰው ለእናቱ ወገን ዕድሜውን ሙሉ ሲከፍል ይኖራልና። ከፊሉ በቆመጥ ተመቶ ይገደላል። ሰውየው አዲስ ስም ይወጣለታል። በቀድሞው ሥርዓት ከዚያ በኋላ ለማዕረጉ በተለየ እሳት ላይ ያልበሰለ ምግብ አይቀምስም፤ ከሚስቱ ምድጃ እንኳ አይበላም ነበር። ከፍ ያለ ማዕረግ ያለው አዛውንት ምግቡን ለብቻው አብስሎ ለብቻው ይበላ እንደነበር ስናስብ፣ ክብር ብቸኝነትም እንደነበረው ይገባናል።

የሚበላሸው የት ነው? በዕዳው። ሰውየው የሚቆጥረው በበረቱ ያለውን ብቻ ሳይሆን በሰው እጅ ያለውንም ነው። ከተበዳሪዎቹ ሁለቱ ቢያሳፍሩት ቀኑ ይተላለፋል፤ ቀኑ ሲተላለፍ ለድግሱ የተተከለው ያም (የቦዬ ወገን የሆነ ሥር) በመጋዘን ይበሰብሳል፣ ከሌላው መንደር የተጠራው እንግዳም በከንቱ ይመለሳል። በሰው እጅ አሳማ እያለው ስሙ የሚጎድፈው እንዲህ ነው።

ዛሬ ማጌ የሚወጡት ጥቂቶች ናቸው፤ አብዛኛው ሕዝብ ክርስቲያን ነው፣ ወጉም በይበልጥ የሚታወቀው እንደ ፋንላ ባሉ የሰሜን መንደሮች ነው። በመላው አገሪቱ «ጂፍ» የሚባል አለቃ አለ፤ ይህ የአገሪቱ የጋራ መግባቢያ በሆነው በቢስላማ ቋንቋ ለሁሉም የሚነገር ቃል ስለሆነ ያምታታል። በማዕረግ የወጣውም ጂፍ ነው፣ መንደሩ ወይም ቤተ ክርስቲያን ጉዳይ እንዲያይ የሰየመውም ጂፍ ነው። ቫኑዋቱ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 30 ቀን 1980 ከብሪታንያና ከፈረንሳይ የጋራ አገዛዝ ነፃ ስትወጣ ሕገ መንግሥቷ የአለቆችን ብሔራዊ ምክር ቤት አቋቋመ፤ ማልቫቱማውሪ ይባላል። ስለ ባህልና ቋንቋ ያማክራል እንጂ ሕግ አያወጣም። ያው ሕገ መንግሥት መሬት ሁሉ የነባር ባለይዞታዎቹና የዘሮቻቸው ነው ይላል፤ ስለዚህ የአለቆች አብዛኛው የሥራ ቀን የሚያልፈው «ይህ ማሳ የማን አያት ይዞታ ነበር?» በሚል ሙግት ነው። ሙግቱ የሚሰማው በናካማል (በመንደሩ መሰብሰቢያ ቤት)፣ ብዙ ጊዜም የእኛ ዋርካ ዘመድ በሆነው ባንያን ዛፍ ሥር ነው፤ ካሣውም አሳማ፣ ምንጣፍ፣ ያም፣ ካቫ (ሥሩ ተጨምቆ የሚጠጣ ተክል) ወይም ጥሬ ገንዘብ ይሆናል።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ በቫኑዋቱ ባንዲራ ላይ ያለው ክብ ቀንድ የምን እንስሳ ነው?

መልስ፦ ቀንድ አይደለም፤ የአሳማ ክራንቻ ነው። ለእኛ አንባቢ አሳማ ከማዕድም ከክብርም የራቀ እንስሳ ስለሆነ ነገሩ ሊያስገርም ይችላል፤ እዚያ ግን የሀብት መለኪያው እርሱ ነው፣ ሲለካም በሥጋው ሳይሆን በክራንቻው ነው።

ክራንቻው በራሱ ክብ አይሆንም። በተለመደው አሳማ የላይኛውና የታችኛው ክራንቻ እየተፋጩ ስለሚሞራረዱ አጭር ሆነው ይቀራሉ። ባለቤቱ የወጣቱን ወንድ አሳማ የላይኛውን ሁለት ክራንቻ ይነቅላል፤ አሳማው ብዙ ጊዜ የተኮላሸ ነው። የሚሞርደው ያጣው የታችኛው ክራንቻ ወደ ላይ ያድጋል፣ ወደ ኋላ ይታጠፋል፣ ተመልሶም ወደ መንጋጋው ይገባል። አንድ ዙር ለመሙላት 6 ወይም 7 ዓመት ይፈጃል። ሁለት ዙር የሞላ አሳማ የትልቅ ማዕረግ ዋጋ ነው፤ ሦስት ዙር እጅግ ብርቅ ነው።

ያን ሁሉ ዓመት አሳማው ታስሮ ወይም ታጥሮ ይኖራል። ከተለቀቀ መሬት ይቆፍራል፣ ድንጋይ ያገኛል፣ ክራንቻው ይሰበራል፤ የተሰበረ ክራንቻ ዋጋው እንደማንኛውም አሳማ ሥጋ ነው። ስለዚህ የበሰለ ጎደሬና ኮኮነት ያለ ለስላሳ ምግብ በእጅ ይቀርብለታል። ሌላው ችግር ጫፉ ጉንጭ ሲበሳ ነው፦ ቁስሉ ካመረቀዘ አሳማው መብላት ያቆማል። ለዚህ ነው መመገቡ የቤተሰቡን ጉልበት የሚበላው፤ ሥራው በአብዛኛው የሚወድቀውም በሴቶች ላይ ነው። በክብረ በዓሉ ቀን መድረክ ላይ የሚወጣው ባል ነው፤ አሳማውን ያሳደገችው ግን ሚስቲቱ ናት። ይህ በአድናቆት ጽሑፎች ውስጥ ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

ክራንቻው በየዓመቱ ስለሚያድግ ብድሩም ወለድ አለው። ተበዳሪ ሲመልስ የወሰደውን ልክ ሳይሆን፣ በቆየበት ዘመን ሊያድግ ይችል የነበረውን ያህል ረዘም ያለ ክራንቻ ያለው አሳማ ይመልሳል።

ጥያቄ (ከአርባ ምንጭ)፦ እኛም ጋ ጎደሬና ቦዬ አለ። እነርሱ እንዴት ይሠሩታል?

መልስ፦ ያም ከእናንተ ቦዬ ጋር አንድ ወገን ነው። ረጅሙ ዓይነት ከአንድ ሜትር ሊያልፍ ይችላል፤ ለዚያ ጉድጓዱ ጠልቆ ይቆፈርና አፈሩ በእጅ ደቅቆ ይመለሳል። ሥሩ ድንጋይ ካገኘው ይከፈላል ወይም ይጣመማል፤ የተጣመመ ያም ደግሞ ለስጦታ አይቀርብም፣ ቤት ይበላል።

ዋናው ምግብ ላፕላፕ ነው። ያም፣ ጎደሬ ወይም ጥሬ ሙዝ በሻካራ ነገር ተፍቆ ሊጥ ይሆናል። ሊጡ የሚጠቀለልበትን ቅጠል እሳት ላይ ቶሎ ቶሎ እያገላበጡ ያጠወልጉታል፤ ለዳቦ ኮባ የሚያለሰልስ ሰው ዘዴውን ያውቀዋል፣ ካልጠወለገ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ሊጡ በቅጠሉ ላይ ሁለት ጣት ያህል ውፍረት ተዘርግቶ ጎመን መሰል ቅጠል ይደረግበታል፣ ዶሮ ወይም ዓሣ ካለም ይጨመራል፣ ከተፋቀ ኮኮነት የተጨመቀ ወተት ይፈስበታል። ታጥፎ በጋሉ ድንጋዮች መካከል ይቀበራል፤ ከታችም ድንጋይ፣ ከላይም ድንጋይ፣ በዚያ ላይ ቅጠል። እንደ ውፍረቱ ከአንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ይቆያል።

ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። ከወንዝ የወጣ እርጥብ ድንጋይ እሳት ውስጥ አይገባም፤ በውስጡ ያለው ውኃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ድንጋዩን ያፈነዳዋል። ጎደሬ ከሆነ ደግሞ በችኮላ አይወጣም፤ እናንተም እንደምታውቁት ጥሬው ጉሮሮ ይቆረቁራል፣ ይህም በውስጡ ካሉት መርፌ መሰል ረቂቅ ቅንጣቶች የተነሣ ነው።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ሙዚየም ውስጥ ፊት የተቀረጸበት የቆመ ግንድ አየሁ። «ከበሮ» ይላል፤ ቆዳው የታለ?

መልስ፦ ቆዳ የለውም። ግንዱ ራሱ ነው የሚጮኸው። እንደ ዳቦ ፍሬ ዛፍ ካለ ግንድ ፊት ለፊት ረጅም ጠባብ ስንጥቅ ይከፈታል፤ በዚያ ስንጥቅ በኩል በመሮ ውስጡ ይቦረቦራል። ታችኛው ክፍል ሳይቦረቦር ይተዋል፣ መሬት ውስጥ የሚተከለው እርሱ ነው። የሚመታው የስንጥቁ ከንፈር ነው፤ ድምፁ ከመንደር መንደር ይሰማል፣ ሞትና ድግስ የሚነገረውም በእርሱ ነው። እርጥብ ግንድ ፀሐይ ላይ ከተተወ ይሰነጠቃልና ድምፁ ይሞታል። ከቆመ በኋላ ደግሞ ቀድሞ የሚበሰብሰው አፈር ውስጥ ያለው እግሩ ነው።

ዓይኑ እንደ ሳህን ክብ የሆነ ፊት ካየህ የሰሜን አምብሪም ነው ለማለት አያዳግትም። የፊቱ ብዛት ለጌጥ አይደለም፤ በቀራጩና በባለቤቱ መብት ይወሰናል። ያልከፈለበትን ቅርጽ የቀረጸ ሰው ተጠርቶ በአሳማ ይቀጣል። ቫኑዋቱ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው የቅጂ መብት ሕግ የነባር ሕዝቦችን ጥበብ አካትታለች፤ አምብሪሞች ግን ያንን ደንብ ሕጉ ሳይመጣ ያውቁት ነበር። ሮም የሚባለው የጭምብል ጭፈራም እንዲሁ ነው፦ መብቱን በአሳማ ያልገዛ ሰው ጭምብሉ ሲሠራ አያይም፣ ከላይ እስከ ታች በደረቀ የሙዝ ቅጠል የተሸፈነውን ጨፋሪም አይነካም።

ጥያቄ (ከሰመራ)፦ እንደ ኤርታሌ የላቫ ሐይቅ አለው ይባላል። ሰው እንዴት ይኖርበታል?

መልስ፦ ነበረው። በደሴቲቱ መካከል 12 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ ካልዴራ (የእሳተ ገሞራ አናት ተደርምሶ የፈጠረው ሰፊ ጎድጓዳ ቦታ) አለ፤ በውስጡ ማሩምና ቤንቦው የሚባሉ ሁለት እሳተ ገሞራዎች የላቫ ሐይቆች ነበሯቸው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 ሐይቆቹ ፈስሰው ባዶ ቀሩ፤ የቀለጠው ዐለት በመሬት ውስጥ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሄዶ በባሕሩ ዳርቻ ያሉ መንደሮችን መሬትና ቤት ሰነጠቀ።

ሰው የሚኖረው ከካልዴራው ውጭ፣ በሰሜን፣ በምዕራብና በደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ ነው። የዕለት ተዕለቱ ጠላት ላቫ ሳይሆን ጋዝና አመድ ነው። ነፋሱ በአብዛኛው ከደቡብ ምሥራቅ ስለሚነፍስ ጭሱ ወደ ምዕራብ ይሄዳል፤ ከዝናብ ጋር ሲወርድ አሲድ ሆኖ የሰብሉን ቅጠል ያቃጥላል። የመጠጥ ውኃ ከጣሪያ የሚጠራቀም ስለሆነ ፍሎራይድ አብሮ ይገባል፣ የሕፃናት ጥርስም ይዥጎረጎራል፤ የስምጥ ሸለቆ ነዋሪ ይህን ያውቀዋል። አመድ ሲጀምር የመጀመሪያው ሥራ ከጣሪያ ወደ ታንከሩ የሚወርደውን ቱቦ መንቀል፣ ከዚያ ታንከሩን መክደን ነው። ጣሪያው ተጠርጎ የመጀመሪያው ዝናብ ካጠበው በኋላ ቱቦው ይመለሳል።

ጥያቄ (ከድሬዳዋ)፦ ካቫ የእነርሱ ጫት ነው?

መልስ፦ ተቃራኒው ነው። ጫት ያነቃል፣ ወሬ ያመጣል፤ ካቫ ያፈዝዛል፣ ዝም ያሰኛል። የቁንዶ በርበሬ ዘመድ የሆነ ተክል ሥር ተፈጭቶ ወይም ተወቅጦ በቀዝቃዛ ውኃ ይጨመቃል፤ አይፈላም። ሲመሽ፣ በባዶ ሆድ፣ ከኮኮነት ቅርፊት በአንድ ትንፋሽ ይጠጣል፤ ምላስ ይደነዝዛል። ምግብ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በናካማል ጮክ ብሎ ማውራትና የእጅ ባትሪ ሰው ፊት ላይ ማብራት ነውር ነው። ከአልኮል ጋር አይቀላቀልም።

ጥያቄ (ከዱባይ)፦ ለጉብኝት ልሄድ ነው። ሳላውቅ እንዳላስቀይም ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ናሜሌ የሚባለውን ቅጠል ይወቁ። ዘንባባ የሚመስል፣ በግራና በቀኝ ጥርስ ጥርስ ያወጣ ረጅም ቅጠል ነው፤ በባንዲራው ላይ ክራንቻው መሐል የተጠላለፉት ሁለቱ ቅጠሎች እርሱ ናቸው። በማሳ በር፣ በኮኮነት ግንድ ወይም በባሕር ዳር ተተክሎ ካዩ ቦታው ተዘግቷል ማለት ነው፤ ለድግስ ፍሬ እንዲጠራቀም፣ ዓሣ እንዲራባ፣ ወይም ክርክር እስኪፈታ። የሚተክለው ሥልጣን ያለው ሰው ነው፣ የሚያነሣውም እርሱ ብቻ ነው። አይለፉት፣ ለፎቶ ብለውም አያንቀሳቅሱት፤ ካሣው አሳማ ነው። ተሳስተው ካለፉ ዕለቱን ለመንደሩ ጂፍ ይናገሩ፤ ራሱ መጥቶ የተናገረ እንግዳ የሚጠየቀው ብዙ ጊዜ ቀለል ያለ ገንዘብ ወይም የካቫ ሥር ነው።