ዘጠኙ ፊልትሮ

ይድረስ ደሴና ኮምቦልቻ ሆናችሁ ኮድ መጻፍ ለጀመራችሁ ልጆቼ፤

በወጣትነቴ ኮምቦልቻ አንድ የመለዋወጫ መጋዘን እሠራ ነበር። የዕቃው ዝርዝር የሚቀመጠው በኤክስኤምኤል (XML)፣ መረጃን በምልክት ከፋፍሎ በሚይዝ የጽሑፍ ፋይል ነው። ሊያልቅ የደረሰውን ቀድመን እንድናዝ «ከትንሹ ወደ ብዙው ደርድርልን» ተባልኩ። ከኤክስኤምኤል መረጃ በሚያወጣው ቋንቋ፣ በኤክስኪዌሪ (XQuery) ጻፍኩ። ያለ አንዳች ስህተት ሮጠ። የዕቃዎቹን ስም ብቻ አትሜ ሰጠሁ፤ ከላይ ያሉት ታዘዙ።

ብዙም ሳይቆይ የናፍጣ ፊልትሮ አለቀ። አንድ የአይሱዙ ሾፌር ጭነቱን እንደያዘ ሁለት ቀን በራችን ላይ ቆመ። ፊቱ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ዝርዝሩን ከነብዛቱ አውጥቼ ሳየው 100 ከላይ፣ 25 ቀጥሎ፣ 9 ከታች። ዘጠኙ ፊልትሮው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሼማ፣ ማለትም የትኛው መረጃ ቁጥር፣ የትኛው ጽሑፍ እንደሆነ የሚናገር ደንብ፣ ካልተሰጠው ኤክስኪዌሪ በኤክስኤምኤሉ ውስጥ ያለውን ቁጥር ዓይነቱ እንዳልታወቀ አድርጎ ይይዘዋል። ሲደረድር እንደ ጽሑፍ፣ ፊደል በፊደል ነው የሚያየው። 1 ከ9 ስለሚቀድም 100ም ከ9 ይቀድማል። ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) መሆኑን ብነግረው ኖሮ ያቺ ብቻ ትበቃ ነበር።

ያሳሳተኝ ምን መሰላችሁ? ያው ብዛት «ከ50 ይበልጣል ወይ?» ተብሎ በ«>» ምልክት ከቁጥር ጋር ሲነጻጸር ራሱን ወደ ቁጥር ቀይሮ በትክክል ይሠራል። እዚያ ስለሠራ እዚህም ይሠራል ብዬ አመንኩ። «እኩል ነው ወይ?» ብሎ በሚጠይቀው በ«ኢኪው» (eq) ከቁጥር ጋር ብታነጻጽሩት ግን ጽሑፍና ቁጥር አላወዳድርም ብሎ ስህተት ያወጣል። ሲያስቆማችሁ አትናደዱ፣ አብሽሩ። እኔን ያኔ ባስቆመኝ!

ሁሉን ቁጥር አድርጉ ማለቴም አይደለም። የደሴን የስልክ መነሻ 033ን ኢንቲጀር ብታደርጉት 33 ሆኖ ይቀራል። ስልክ አይደመርም፣ አይባዛም፤ ጽሑፍ ነው።

ቀን ላይ ግን አደራ። የኤክስኪዌሪ የቀን ዓይነት፣ «ዴት» (date)፣ የሚቆጥረው በፈረንጆቹ ነው። ጥቅምት 30 ቀን 2016ን 2016-02-30 ብላችሁ ብትሰጡት እምቢ ይላል፤ ፌብሩዋሪ 30 የለውማ። ጳጉሜንም አያውቃትም። እምቢ ማለቱስ ደግ ነው። ጥቅምት 10ን ስትሰጡት ነው ጉዱ፤ ፌብሩዋሪ 10 አድርጎ ዝም ብሎ ይቀበላል። ይህ የመድኃኒት ማብቂያ ቀን ላይ ቢደርስ አስቡት። መጀመሪያ ወደ ፈረንጅ ቀን መልሱት፣ ከዚያ ዴት አድርጉት።