በውርጭ የተመታውን ቶሎ አትንቀሉ

ባለፈው ሳምንት አንዲት የጎረቤት ልጅ በቴሌግራም ፎቶ ላከችልኝ። የሁለት ዓመት አቮካዶዋ ቅጠሉ ተጠብሶ ቡኒ ሆኗል። "ጋሼ፣ ውርጭ ፈጀው፤ ነቅዬ ሌላ ልትከል?" ትላለች። መልሱ አጭር ነው፣ ግን ቶሎ መጻፍ አቃተኝ። ሌላ ዛፍ ትዝ አለኝ።

1980 ዓ.ም. ነው። ከዓለማያ ግብርና ተምሬ ወጥቼ አዲስ አበባ ሥራ ከጀመርኩ ዓመት አልሞላኝም። የምኖረው ቀበና ወንዝ አጠገብ፣ ከቁልቁለቱ በታች ነበር። ከአጥሩ ማዶ እትዬ የምንላቸው ሴት አንዲት የቡና ዛፍ ነበረቻቸው። ከጅማ ሲመጡ በድልህ ጣሳ ይዘዋት የመጡ ናት። ቡና የአዲስ አበባን ብርድ አይወድም፣ እሷ ግን በአንድ ትልቅ ግራቪሊያ ጥላ ሥር ለዓመታት ኖራለች። ፍሬዋ ጥቂት ነው፤ እትዬ ለቅመው፣ አድርቀው፣ ያቺኑ እፍኝ ቡና ጥር 21 ለአስተርእዮ ማርያም ያፈሏታል። አንዴ እኔንም ጠርተውኛል። ሲቆሉት የነበረው ሽታ እስከ ዛሬ አልጠፋኝም።

በዚያ ዓመት ግቢው ውስጥ ክፍል ሊሠራ ግራቪሊያው ተቆረጠ። ታኅሣሥ ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ሌሊት መጣ። ደመና ከሌለ መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት ወደ ላይ ይለቀዋል፤ ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ስለሚከብድ እንደ ውሃ ቁልቁል ፈስሶ ወንዙ ዳር ይተኛል። ያ ዛፍ ለቡናዋ ጣሪያዋ ነበር። ጠዋት ቅጠሏ ጠቁሮ ተገኘ።

"አንተ የተማርከው ልጅ፣ እስቲ እያት" አሉኝ። ቆሜ አየሁና "ሞታለች፣ ትነቀል" አልኩ። ዶማውን ያነሳሁት ራሴ ነኝ። ስትወጣ ከግንዷ ግርጌ ምስር የሚያክሉ ሁለት አረንጓዴ ጉጦች ታዩ። እትዬም አዩዋቸው። "ልጄ፣ ይሄ አረንጓዴ ነገር ምንድን ነው?" አሉኝ። አውቃለሁ እኮ! ያረጀ ቡና ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ላይ ተጎንድሎ እንደሚያቆጠቁጥ ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። ግን አፈርኩ። "ምንም አይደለም እትዬ፣ አይበቅልም" አልኳቸው። አመኑኝ። ከሱቅ በተገዛ ቡና አመሰገኑኝ። እውነቱን ሳልነግራቸው አረፉ።

የዛሬ ወጣቶች ትቸኩላላችሁ። ሞቃት አገር የተቀረጸ ቪዲዮ ታዩና በታኅሣሥ ማዳበሪያ ትጨምራላችሁ፤ የሚወጣው ለጋ ቅጠል ግን መጀመሪያ ውርጭ የሚበላው እሱ ነው። ሙዝና አቮካዶ ከድንጋይ ግድግዳ ጥግ ይሁኑ፣ ግድግዳው ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት ይመልስላቸዋል። ብርድ የማይፈራው ኮክ ታችኛው ሜዳ ላይ ይቁም። ደረቅ አፈር ሙቀት አይዝም፣ ስለዚህ ውርጭ በሚያሰጋበት ሰሞን ቀን ላይ ውሃ አጠጡት። ማታ ጆንያ አልብሱት፣ ጠዋት ግለጡት።

ማንጎን ግን አዲስ አበባ ላይ አትድከሙበት፣ ንቀሉት። አትንቀሉ እያልኩ ይህን ማለቴ ሊያስገርማችሁ ይችላል፣ ግን እሱን ስንት ዓመት ሞክሬዋለሁ።

ፖምም የራሱ ጣጣ አለው። ጨንቻ ገበሬዎች ከፖም ዛፍ ላይ ደህናውን ቅጠል በእጃቸው ሲያራግፉ አይቼ ደንግጬ ነበር። እዚህ ዛፉን በደንብ የሚያስተኛ ቅዝቃዜ የለም፤ ቅጠሉ ሲራገፍለት ነው እንደገና የሚያብበው። አንዱ ብርድ አነሰኝ ሲል አንዱ ብርድ ገደለኝ የሚለው በአንድ አገር ነው። ደጋችንን የምወደው በዚህ ነው።

ለልጅቷ እንዲህ ብዬ ጻፍኩላት፦ "ቅርፊቱን በጥፍርሽ ፋቅ አድርጊው። አረንጓዴ ከሆነ ሕይወት አለው። የተቃጠለውን ቅጠልም አሁን አትቁረጪ፣ ከሥሩ ያለውን ከሚቀጥለው ውርጭ ይጋርዳል። የበልግ ዝናብ እስኪመጣ ጠብቂ። ከተዳቀለበት ቦታ፣ ማለትም የዝርያው ቅርንጫፍ በሌላ ግንድ ላይ ከተቀጠለበት፣ በታች ብቻ ካቆጠቆጠ ግን የገዛሽው ዝርያ አይደለም፣ ያኔ እናወራለን።"

ማታውኑ ሌላ ፎቶ ላከችልኝ። ጥፍሯ ያረፈበት ቦታ አረንጓዴ ነው።