«ጎበዝ፣ በርቺ» አንቀጽ አያሻሽልም

ጥያቄ፦ የ10ኛ ክፍል የአማርኛ መምህርት ነኝ፤ 58 ተማሪዎች አሉኝ። ስለ አንድ ገፀ ባሕርይ አንቀጽ ጽፈው፣ ደብተር ተለዋውጠው እንዲገማገሙ ሳደርግ ጓደኛ ለጓደኛው «ጎበዝ፣ በርቺ» ብሎ 9 ከ10 ይሰጣል። አለዚያም «ሀ»ን በ«ሐ» አርሞ ይመልሳል። ምን ይሻላል?
(ከአዘዞ፣ ጎንደር)

መልስ፦ በቅድሚያ ነጥብ መስጠቱን ከልጆቹ ላይ ያንሱላቸው። ነጥብ ካለ ይሉኝታ አለ። በስም ፋንታ ቁጥር ማስጻፍ ብቻውን አይበቃም፤ የእጅ ጽሕፈት ይታወቃል። ይልቅ የፊተኛው ረድፍ የኋለኛውን ያንብብ።

ሁሉም ስለ አንድ ምዕራፍ ይጻፉ። ታሪኩን ያላነበበ ገምጋሚ ማስረጃውን ማመዛዘን አይችልም፤ ፊደል ለቀማ የሚገባውም ለዚህ ነው።

ከዚያ ገምጋሚው እርሳስ ይያዝ። ጠባዩን የሚናገረውን ኃይለ ቃል በአንድ መስመር፣ ማስረጃውን በሁለት መስመር ያስምር። ማስረጃ ማለት የገፀ ባሕርዩ ድርጊት፣ ንግግር፣ ሐሳብ፣ መልክና አለባበስ፣ ሌሎች ስለ እሱ የሚሉት ነው። ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» ተነሥቶ እንዲህ የሚጽፍ ተማሪ አይጠፋም፦

«ፊታውራሪ መሸሻ በጣም ኩሩ ናቸው። ኩራታቸው ልክ የለውም። ሰው ይንቃሉ።»

እዚህ ላይ ሁለት መስመር የሚያርፍበት ቦታ የለም፤ ሦስቱም ዓረፍተ ነገሮች የሚሉት አንድ ነገር ነው። ገምጋሚው «ጥሩ ነው፣ ግን አብራሪ» ቢል ጸሐፊዋ የምትይዘው ነገር አታገኝም። «ምን ሲያደርጉ አየሽ?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱን ግን አይጻፍላት። እሷው ተመልሳ «ሰብለ ወንጌልን ሊያገቡ የፈለጉትን በዘር አይመጥኑንም እያሉ ስለመለሱ፣ ልጃቸው ሳታገባ ዕድሜዋ ገፋ» ብላ ስትጨምር አንቀጹ ይቆማል። አንድ እርምጃ ይቀራታል፤ ኩራቱ ማንን እንደጎዳ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማሳየት።

ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው ግን ሌላ ነው፦ ታሪኩን ከዳር እስከ ዳር የሚተርክ አንቀጽ። ማስረጃ የሞላበት ስለሚመስል ገምጋሚዎች ያልፉታል። ኃይለ ቃሉን በጣት ሸፍነው ቀሪውን እንዲያነቡ ያድርጉ። ጠባዩን መገመት ካልቻሉ፣ የተጻፈው የታሪክ ማጠቃለያ ነው።

ጥያቄ፦ ገምጋሚው ከጸሐፊው ደከም ያለ ቢሆንስ?

መልስ፦ «እዚህ ጋ አልገባኝም» ማለት ያቅተዋል? ለጸሐፊው እሱም ይጠቅመዋል። 40 ደቂቃውን እንዲህ ይከፋፍሉት፦ 8ቱን እርስዎ አንድ ደካማ አንቀጽ ሰሌዳ ላይ ጽፈው አብራችሁ አስምሩበት፣ 15ቱ ለግምገማ፣ 15ቱ ደግሞ እዚያው ለማሻሻል። የፊደል እርማት በቀሩት 2 ደቂቃዎች ይድረስ። ማሻሻያውን ለቤት ሥራ አይተዉት፤ አስተያየቱ ሳይነበብ ደብተር ውስጥ ይቀራል። ከ10 ነጥብ 3ቱን ለገምጋሚው ጥያቄ ጥራት ይስጡ፤ ያኔ «በርቺ» ነጥብ እንደማያመጣ ይገባቸዋል።