ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «አላመመኝም፣ ግን ነጠብጣብ ይታየኛል»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ 20 ዓመቴ ነው፣ አራት ኪሎ ነው የምኖረው። ኤሌክትሮኒክስ መነካካት እወዳለሁ። ከተበላሸ ፕሮጀክተር ላይ ከ1 ዋት በላይ ጉልበት ያለው ሰማያዊ የሌዘር ዲዮድ አውጥቼ ወረቀት የሚያቃጥል ሌዘር ሠራሁ። ከትናንት ወዲያ ስሞክረው የሻይ ትሪ ላይ ነጥሮ ዓይኔ ላይ ብልጭ አለ። አላመመኝም፤ ግን በግራ ዓይኔ ሳነብ መሀል ላይ ግራጫ ነጠብጣብ ይታየኛል። በራሱ ይጠፋል? ለወደፊቱስ ጥቁር መነጽር ባደርግ ይበቃኛል? ስሞክር ትንሿ እህቴም አጠገቤ ነበረች።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህን አንብበህ እንደጨረስክ ዛሬውኑ ዓይን ሐኪም ጋ ሂድ። ከአራት ኪሎ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ሩቅ አይደለም፣ የዓይን ክፍል አለው።

አለማመሙ አያታልልህ። ከዓይን ኋላ ያለው ሬቲና የሕመም ስሜት የለውም፤ ቢቃጠልም አይነግርህም። ነጠብጣቡ ስታነብ መሀል ላይ የሚታይህ ከሆነ ደግሞ የተነካው ማኩላ ሳይሆን አይቀርም፤ ፊደል የምንለይበት፣ የሰው ፊት የምናውቅበት ቦታ ነው።

ሌዘር ዓይን ውስጥ ሲገባ ሌንሳችን ሰብስቦ አንዲት ነጥብ ላይ ያሳርፈዋል፤ ሬቲና ላይ ሲደርስ ጥንካሬው ወደ 100 ሺህ እጥፍ ይጨምራል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በነበረው የፀሐይ ግርዶሽ «በባዶ ዓይን አትዩ» እየተባለ ሲለፈፍ የነበረው ሬቲና እንዳይጎዳ ነው። ፀሐይን ግን አፍጥጠህ ካላየሃት ብዙም አትጎዳህም። ኃይለኛ ብርሃን ሲያገኘን በሩብ ሰከንድ ገደማ ዓይናችንን እንጨፍናለን፣ ከ1 ሚሊ ዋት ለማይበልጥ ሌዘርም ይህ ይበቃል። ያንተ ግን ከ1000 ሚሊ ዋት በላይ ነው! ከ500 በላይ ያለው ሁሉ በአደገኛነቱ የመጨረሻው እርከን፣ ክፍል 4 ውስጥ ነው የሚመደበው፤ ነጥሮ የመጣውም ያሳውራል፣ ግድግዳ ላይ ያረፈውን ነጥብ እንኳ ከቅርብ ማየት ያሰጋል።

ነጠብጣቡ በራሱ ይጠፋል ወይ ላልከው፣ ቀላል ከሆነ በሳምንታት ወይም በወራት ሊሻል ይችላል፣ ጠባሳ ሆኖ የሚቀርም አለ፤ ደም ከፈሰሰ ወይም ሬቲናው ከተቀደደ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል። የትኛው እንደሆነ ሳይታይ አይታወቅም። ከፋርማሲ ጠብታ ወይም ቴትራሳይክሊን ቅባት ገዝተህ ጊዜ አታጥፋ፣ እነሱ ለዚህ ጉዳት አይሠሩም። እስክትሄድ ባለካሬ የሂሳብ ደብተር ግለጥ፤ አንዱን ዓይንህን ሸፍነህ ገጹ መሀል ላይ ነጥብ አድርግና እሷን ብቻ እይ። መስመሮቹ የሚጎብጡበት ወይም የሚጠፉበት ቦታ ካለ ለሐኪሙ ንገረው። የሌዘሩን ቀለምና ዋቱንም ንገረው።

ጥቁር መነጽር በፍጹም አይበቃም፣ የብየዳ መነጽርም ለዚህ አልተሠራም። የሌዘር መከላከያ መነጽር ለይቶ የሚከላከለው የብርሃን ሞገድ በናኖሜትር ላዩ ላይ ይጻፋል። ያንተ ሰማያዊ 450 አካባቢ ነው፤ ለአረንጓዴ የተሠራውን ብታደርግ ላይከላከልልህ ይችላል። ከቁጥሩ ጎን ኦዲ 4 (OD 4፣ ጨረሩን ምን ያህል እንደሚያግድ የሚያሳይ ምልክት) የሚል ከሆነ ከአሥር ሺህ አንዱን ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ምንም ያልተጻፈበትን ርካሽ መነጽር አትመን። ትክክለኛውን አድርገህም ቢሆን ጨረሩን ቀጥታ አትይ።

እውነቱን ልንገርህ፣ በእጅ የሚያዝ 1 ዋት ሌዘር ቤት ውስጥ፣ ያውም ልጅ ባለበት፣ ቦታ የለውም። ባትሪውን አውጣና ቆልፍበት። ሙያውን ተው ማለቴ አይደለም፣ እንዲህ ያለ እጅ ያለው ወጣት ደስ ይለኛል። ከ1 ሚሊ ዋት በታች በሆነ ሌዘር የፀጉርህን ውፍረት መለካት ትችላለህ፦ ፀጉሯን ጨረሩ መሀል ወጥረህ ግድግዳ ላይ በሚወጡት መስመሮች መሀል ያለውን ርቀት በማስመሪያ ትለካለህ፣ የቀረው ስሌት ነው። ኃይለኛውን መሥራት ካማረህ ግን አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ አጠገብህ ነው፣ የፊዚክስ መምህራንን ጠይቅ፤ ጨረሩ በሳጥን ተዘግቶ፣ ክዳኑ ሲከፈት በራሱ እንዲጠፋ ተደርጎ ነው የሚሠራው።

እህትህንም ይዘሃት ሂድ። አንድ ዓይን ደህና ከሆነ ልጆች የሌላውን መጎዳት ልብ ላይሉት ይችላሉ፤ ስለዚህ «ምንም አልሆንኩም» ብትልህም ሁለቱም ዓይኖቿ ለየብቻ ይታዩላት።