ዋጋውን ከመጠየቅ በፊት ሽፋኑን፦ የአስመጪዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ ስለ ቸኮሌት ብስኩት ስለሆኑ አንድ ላይ አቅርቤያቸዋለሁ። አዲስ ለምትሆኑ አንባቢዎች፦ ይህን ዓምድ የማዘጋጀው ጅቡቲና ሞጆ ላይ ለረጅም ጊዜ በትራንዚተርነት የሠራሁ ሰው ነኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። መርካቶ ብስኩትና ከረሜላ በጅምላ እሸጣለሁ፤ ደንበኞቼ በአብዛኛው ድሬዳዋና አፋር ናቸው። ዱባይ ያለው ወንድሜ ቱርክ የተመረቱ፣ ቸኮሌት የለበሱ ሁለት ዓይነት ብስኩቶች አግኝቶልኛል። ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ዋጋቸው ግን አይገናኝም። ርካሹን ላምጣ? ሐምሌ ላይ ቢጫን ይቀልጥብኝ ይሆን? ደግሞ አንድ ሰው “የምትቀረጪው በቸኮሌት ታሪፍ ነው” ብሎ አስፈራርቶኛል።
*ነጋዴዋ፣ ከአዲስ አበባ*

መልስ፦ እኅቴ፣ ታሪፉ ቀላሉ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። በጉምሩክ ታሪፍ መጽሐፉ ቸኮሌት በቁጥር 1806 ይመደባል፣ ብስኩት በቁጥር 1905። የ1905 አርዕስት ራሱ “ካካዎ ቢኖረውም ባይኖረውም” ስለሚል፣ ብስኩቱ ዙሪያውን ቸኮሌት ቢለብስም ያው ብስኩት ነው። ጣፋጭ ብስኩት 1905.31፣ ዋፈር ከሆነ 1905.32። ያስፈራራሽ ሰው ተሳስቷል፤ ግን ኢንቮይሱ ላይ “ቸኮሌት” ብቻ ተጽፎ ከመጣ ክርክሩን በገዛ ወረቀትሽ ትጠሪዋለሽ። ላኪው “በቸኮሌት የተሸፈነ ጣፋጭ ብስኩት” ብሎ ይጻፍ፣ ፓኪንግ ሊስቱም በዚያው ቃል ይሁን። ዕቃው ከዱባይ ቢጫንም የተሠራው ቱርክ ነውና፣ የሥሪት አገር ማስረጃው ቱርክ ማለት አለበት። ዱባይ ያሉ ነጋዴዎች ይህችን ቸል ይሏታል።

አሁን ወደ ዋጋው። ወንድምሽን የሁለቱንም ማሸጊያ ጀርባ ፎቶ አንስቶ እንዲልክልሽ ንገሪው። እገምታለሁ፣ ውዱ ላይ “የካካዎ ቅቤ” የሚል ታገኛለሽ፤ ርካሹ ላይ ደግሞ ፓልም ወይም ከፓልም ፍሬ አስኳል የወጣ ዘይት። ሁለተኛውን ፋብሪካዎች ኮምፓውንድ ይሉታል፦ የካካዎ ዱቄት፣ ስኳርና የሚረጋ የአትክልት ዘይት። በዓለም አቀፉ የምግብ መስፈርት በኮዴክስ መሠረት፣ ቸኮሌት ለመባል ቢያንስ 35 በመቶ የካካዎ ይዘት፣ ከዚያም ውስጥ ከቸኮሌቱ ጠቅላላ ቢያንስ 18 በመቶ የሚሆን የካካዎ ቅቤ ያስፈልጋል፤ የሌላ አትክልት ቅባት ከ5 በመቶ ማለፍ አይችልም። የወተት ቸኮሌት ላይ የካካዎው መጠን ወደ 25 በመቶ ዝቅ ይላል። ኮምፓውንድ በዚህ ሚዛን አያልፍም።

ፋብሪካዎች ወደዚህ የሸሹት ወደው አይደለም። ከዓለም ካካዎ ከግማሽ በላይ የሚመጣው ከኮትዲቯርና ከጋና ነው። እዚያ በሽታው፣ የዛፎቹ እርጅናና የተዛባው ዝናብ ተደራርበው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ቶኑ 2,500 ዶላር አካባቢ የነበረው ካካዎ በታኅሣሥ 2024 ኒው ዮርክ ላይ ከ12,000 ዶላር አለፈ። በኋላ ዋጋው ቢወርድም የተለወጠው ቅመማ ሁሉ አልተመለሰም። እንግሊዝ አገር ልጆች የሚያድጉባቸው ፔንግዊንና ክለብ የተባሉ ብስኩቶች እንኳ፣ በ2025 የካካዎ መጠናቸው ስለተቀነሰ “የቸኮሌት ጣዕም ያለው” ተብለው ለመሸጥ ተገደዋል።

ታዲያ ርካሹን አታምጪ ልልሽ ነው? አይደለም። ለአንቺ ገበያ እኔም የምመርጠው እሱን ነው። የካካዎ ቅቤ 34 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጣል፤ ጅቡቲ በሐምሌ ከ40 ዲግሪ በላይ ናት፣ ፀሐይ ላይ የቆመ ኮንቴይነር ውስጡ ደግሞ ከውጭው የባሰ ነው። ሰመራ ያለ ብዙ ሱቅም ማቀዝቀዣ የለውም። ኮምፓውንዱን ፋብሪካው ለሞቃት አገር ሲሠራው ከፍ ባለ ሙቀት የሚቀልጥ ዘይት መርጦ ነው፤ የመቅለጫ ዲግሪውን በጽሑፍ ጠይቂ። ነገር ግን ማሸጊያው ላይ “ቸኮሌት” ተብሎ ከታተመ አትቀበዪ። “የቸኮሌት ጣዕም ያለው ሽፋን” ይባል። ዋጋውንም በዚያ ልክ ተከራከሪ፤ ለኮምፓውንድ የቸኮሌት ዋጋ መክፈል ሞኝነት ነው።

ውዱን ካልተውሽ ግን የማቀዝቀዣ ኮንቴይነር የግድ ነው፣ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ። ከጅቡቲ በጋላፊ እስከ ሞጆ ሲመጣም መኪናው ላይ ጄኔሬተር እንዳለ ከመነሳቱ በፊት አረጋግጪ፤ ወደቡ ላይ ሲቀዘቅዝ የቆየ ዕቃ መንገድ ላይ ሲቀልጥ አይቻለሁ። ሞጆ እንደደረሰም በሩን ከፍተሽ ቀዝቃዛውን ካርቶን ወዲያው ሞቃት አየር ላይ አታውጪው። ያልበዋል፤ ላቡ ስኳሩን አሟሙቶ ሲደርቅ ነጭ ብናኝ ይተዋል። ቀልጦ ተመልሶ የረጋ ቅባትም እንዲሁ ነጭ ይሆናል። ለጤና አይጎዳም፣ ገዢ ግን “ሻግቷል” ብሎ ይመልስልሻል። ወጪውን ለመቆጠብ ከፈለግሽ ጅቡቲ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ እንዲደርስ አድርጊ። ከሳሙናና ከቅመም ጋር በአንድ ኮንቴይነር አታስጭኚው፤ ቸኮሌት ሽታ ይስባል።

በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት የውጭ ምንዛሪ ከተከለከሉት 38 የሸቀጥ ዓይነቶች መካከል ቸኮሌትና ብስኩት እንደነበሩ ታስታውሻለሽ። ክልከላው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ተነሥቷል፤ ምንዛሪው አሁን በገበያ ዋጋ ነው። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ግን ዕቃው ከመጫኑ በፊት ያለቀ መሆን አለበት። ጽሑፉ በቱርክኛና በዓረብኛ ብቻ ከሆነ ችግር ነው፤ አማርኛ ወይም እንግሊዝኛ ይኑረው፣ ባች ቁጥሩና የሚያበቃበት ቀንም በደንብ ይነበቡ። ቀረጡን ስታሰዪ እያንዳንዱን መቶኛ በዕቃው ዋጋ ላይ ብቻ አባዝተሽ አትደምሪ። ተጨማሪ እሴት ታክስ ቀረጡ ከተደመረ በኋላ ባለው ላይ ይሰላል፣ ሱር ታክሱም (በገቢ ዕቃ ላይ የሚጣለው ተጨማሪ ታክስ) በዚያ ሁሉ ላይ። ብዙ አዲስ አስመጪ ትርፉን የሚያጣው እዚህ ጋ ነው።

ጥያቄ፦ ለንደን የሐበሻ ሸቀጥ ሱቅ አለኝ። ሒሳብ ሠራተኛዬ ተራው ብስኩት ቫት የለበትም፣ ቸኮሌት የተቀባው 20 በመቶ አለበት ይላል። እውነት ነው? በኮምፓውንድ የተቀባውስ?
*ባለሱቁ*

መልስ፦ እውነት ነው፤ ወንድሜ፣ የእንግሊዝ ሕግ እዚህ ላይ ትንሽ ያስቃል። ከላይ በሙሉም ሆነ በከፊል ቸኮሌት የተቀባ ብስኩት 20 በመቶ ይከፍላል። ቸኮሌቱ በሁለት ብስኩት መካከል ከተደበቀ ወይም ፍንጣሪው ከሊጡ ጋር ከተጋገረ ዜሮ ነው። ኮምፓውንድ አያድንህም፤ መመሪያው በጣዕምና በመልክ ቸኮሌት የሚመስለውንም ይጨምራል። ኬክ ግን ቸኮሌት ቢለብስም ዜሮ ነው። ጃፋ ኬክ የተባለው ቸኮሌት ቅብ ጣፋጭ እ.ኤ.አ. በ1991 ችሎት ፊት የቀረበው በዚሁ ነበር፦ ሲሰነብት ኬክ ይደርቃል፣ ብስኩት ይለሰልሳል፤ ጃፋ ስለሚደርቅ ከኬክ ወገን ተቆጠረ። ደግሞ ሱቅህ ውስጥ ወንበር አስቀምጠህ ከቡና ጋር ካቀረብከው ተራውም ብስኩት ኬኩም 20 በመቶ ናቸው። ታክስ የሚከፈልበት ሽያጭህ በዓመት ከ90,000 ፓውንድ በታች ከሆነና ካልተመዘገብክ፣ ይህ ሁሉ ገና አያሳስብህም።

ጥያቄ፦ የአገር ውስጥ ብስኩት ፋብሪካ ውስጥ እሠራለሁ። ለዓቢይ ጾም ወተት የሌለው ቸኮሌት ቅብ ብስኩት ልናወጣ ነው። “የጾም” ብለን ብናትምበት ችግር አለው?
*የምርት ተቆጣጣሪ*

መልስ፦ ቅመማው ወተት ስለሌለው ብቻ አትቸኩሉ። የዌይ ዱቄትና ላክቶስ ከወተት ናቸው፤ ኢ471 የሚባለው ማዋሃጃ ደግሞ ከእንስሳት ስብም ከአትክልትም ሊሠራ ስለሚችል አቅራቢው ከምን እንደሠራው በጽሑፍ ይስጣችሁ። ሙስሊም ደንበኞቻችሁም የሚጠይቁት ያንኑ ነው። ትልቁ ጣጣ መስመሩ ላይ ነው፤ የቸኮሌት ማሽን በውኃ አይታጠብም፣ ስለዚህ የትናንቱ የወተት ቅሪት ዛሬ በሚሠራው ላይ ይመጣል። ጾመኛው ይህን ለንስሐ አባቱ ይነግር ይሆናል፤ ወተት የማይስማማው ሕፃን ግን ሆስፒታል ይገባል። ማሽኑ የጋራ ከሆነ “የጾም” ከሚለው አጠገብ “ወተት በሚሠራበት መስመር የተመረተ” የሚለውም በጉልህ ይታተም። አንድ መስመር ለይታችሁ ለጾሙ ብቻ መስጠት ከቻላችሁ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ባቾች ላቦራቶሪ ላኩና ውጤቱን ካያችሁ በኋላ ማሸጊያውን እዘዙ።