ልጄ በየመንገዱ ስትቆም እኔ ለምን እቸኩላለሁ?

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። እሑድ ማለዳ የአራት ዓመት ልጄን ይዤ ለቅዳሴ ስወጣ በየመንገዱ ትቆምብኛለች፤ በዚህ በኅዳር ሣሩ ላይ ያደረውን ውርጭ በጣቷ ነክታ ሲቀልጥ ካላየች አትነቃነቅም። እኔም እየተቆጣሁ እጎትታታለሁ። ቤተ ክርስቲያን ከገባሁ በኋላ ግን የሰኞን ሥራ ሳሰላስል ቅዳሴው ያልቅብኛል። ጎረቤቴ «ከልጅሽ ተማሪ፤ ነገን ለነገ ተዪውና በዛሬው ደስ ይበልሽ» አለችኝ። ይህ ዓለምን መውደድ አይሆንብኝም?

መልስ፦ እኅታችን፣ ሥጋትዎ ተገቢ ነው፤ በዛሬ መደሰት ሁለት ዓይነት ነውና። ትንሣኤ ሙታንን የማያምን ሰው «ነገ እንሞታለንና እንብላና እንጠጣ» እንደሚል ሐዋርያው ጽፏል (1ኛ ቆሮ. 15፥32)፤ እንዲህ ያለው ሰው ዛሬን የሙጥኝ የሚለው ነገ የሌለው ስለሆነ ነው። መዝሙረኛው ግን «ዛቲ ዕለት እንተ ገብረ እግዚአብሔር፣ ንትፌሣሕ ወንትኃሠይ ባቲ»፣ እግዚአብሔር የሠራት ቀን ይህች ናት፤ በእርሷ ደስ ይበለን፣ ሐሤትም እናድርግ ይላል (መዝ. 117፥24)። ቀኒቱን የሠራት እግዚአብሔር ስለሆነ ይደሰትባታል።

የልጅዎ ደስታ ከሁለተኛው ወገን ነው። ውርጩን ለማየት ተረጋግታ የምትቆመው እጇ በእጅዎ ውስጥ ስላለ ነው፤ የቤት ኪራዩን፣ የጤፉን ዋጋ፣ የነገውን ምሳ እናቷ እንደምታውቅ አትጠራጠርም። ደቀ መዛሙርቱ «በመንግሥተ ሰማያት ማን ይበልጣል?» እያሉ ስለ ማዕረግ ሲጠይቁ ጌታ ሕፃን ጠርቶ በመካከላቸው ያቆመው፣ «እንደ ሕፃናትም ካልሆናችሁ» ያለውም (ማቴ. 18፥1-3) ያለ ምክንያት አይደለም። የእኛ ጥድፊያ ብዙ ጊዜ የትጋት ልብስ የለበሰ አለመታመን ነው። ከተማችሁም ብትሆን ስሟን ያገኘችው በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት በሰማይ ከታየው ብርሃን የተነሣ መሆኑ ይነገራል፤ አንገቱን ደፍቶ ለሚሮጥ ሰው ያ ብርሃን በታየው ነበርን?

በየዕለቱ በምንደግመው አቡነ ዘበሰማያት «ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ ሀበነ ዮም»፣ የዕለት ምግባችንን ዛሬ ስጠን እንላለን። «ዮም» ዛሬ ማለት ነው። የዓመቱን ጎተራ ሙላልን አላልንም፤ የዕለቱን ለመንን። በቅዳሴም ካህኑ «አልዕሉ አልባቢክሙ»፣ ልባችሁን ከፍ አድርጉ ሲል «ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ»፣ ልባችን በአምላካችን ዘንድ አለ ብለን እንመልሳለን፤ በዚያች ሰዓት ልባችን ሰኞ ቢሮ ውስጥ ከሆነ የመለስነው መልስ እውነት አልሆነም ማለት ነው።

ይህን ስል ራሴን ነጻ አላወጣም። አንድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ ጠበል ሳድል አንድ ትንሽ ልጅ እፍኙን ዘርግቶ ተቀበለና ሳይጠጣ ቆሞ ተመለከተው፤ ሰልፉ ረዝሞብኝ ነበርና «ቶሎ በል» አልኩት። ቀስ ብሎ ጠጣ፣ የቀረውን ፊቱንና ሆዱን ቀባበት፣ ከዚያም ዞሮ ከሰልፉ መጨረሻ ተሰለፈ። በረከቱን እኔ አዳይ ሆኜ ስቸኩልበት እርሱ አልጠገበውም ነበር።

ሆኖም ልጅን በሁሉ አንመስልም። ቅዱስ ጳውሎስ «በአእምሮ ሕፃናት አትሁኑ» ብሏል (1ኛ ቆሮ. 14፥20)፤ ዮሴፍም በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት እህል ማከማቸቱ እምነት ማጣት አልነበረም። የመንዝ ገበሬ ለበልግ ዘር የሚሆነውን ገብስ ሳይበላ ማስቀመጡም እንዲሁ ነው። የተከለከለው ጭንቀት እንጂ ዝግጅት አይደለም፤ ስለዚህ የሰኞን ሥራ ቅዳሜ ማታ በወረቀት ላይ ይጻፉትና ቤት ይተዉት፤ ስልኩንም አብረው ቢተዉት መልካም ነው።

እሑድ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለው ይውጡ። ልጅዎ ስትቆም አይጎትቷት፤ አጠገቧ ጎንበስ ብለው የምታየውን ይዩ፣ «ይህን የሠራው ማን ነው?» ብለውም ይጠይቋት። ደወሉ ከተሰማ ግን አቅፈዋት ይሂዱ፤ ውርጩ ላይ የቆዩትን ጣቶቿንም በነጠላዎ ጠቅልለው ያሙቁላት።