የወለል ሥራ ስሌት ፈተና ላይ ሲመጣ

«በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በህንፃ ግንባታ ተመርቄያለሁ። አንድ ኮንትራክተር ጋር ለቢሮ ሥራ ስፈተን ‹ለዚህ ክፍል ከሴራሚኩ በታች ላለው ወለል ምን ያህል ዕቃ ትጠይቂያለሽ?› አሉኝ። ስፋቱን አስልቼ ቆምኩ። በቅርቡ ሌላ ፈተና አለብኝ፤ ምን ላጥና?» ብለሽ ጠይቀሽኛል።

እህቴ፣ ስፋቱን ማግኘትሽ ጥሩ ነው። ቀጣሪው የሚፈልገው ግን ሁለት ቁጥር ለይታ የምታውቅ ሠራተኛ ነው። አንዱ ለክፍያ የሚቀርበው ነው፤ ሌላው ለግዢ የሚጠየቀው።

ክፍሉ ፕላኑ ላይ 4.20 በ5.20 ሜትር ነው እንበል። ይሄ ከአክሲስ እስከ አክሲስ፣ ማለትም ከግድግዳ መሃል እስከ ግድግዳ መሃል፣ ከሆነና ግድግዳው 20 ሳንቲ ከሆነ፣ ውስጡ 4 በ5 ነው፤ 20 ካሬ። በአክሲሱ ብታሰዪ ግን 21.84 ካሬ ይመጣል። ከ9 በመቶ በላይ ትርፍ! ስለዚህ መጀመሪያ ልኬቱ ከየት እስከ የት እንደሆነ ጠይቂ።

ከዚያ ወለሉን ከታችኛው ንብርብር ጀምረሽ አስዪ። የድንጋይ ንጣፉ 25 ሳንቲ ከሆነ 5 ሜትር ኩብ ነው። ይሄ ተጠቅጥቆ ያለቀው፣ ለክፍያ የሚያዘው ነው። በቢያጆ፣ በመኪና ጭነት፣ የሚመጣው ድንጋይ ግን መሃል ለመሃል ክፍተት አለው። ለመለማመጃ 30 በመቶ ጨምሪና 6.5 ሜትር ኩብ ጠይቂ።

ኮንክሪቱ 10 ሳንቲ ከሆነ 2 ሜትር ኩብ ነው። ስፔሲፊኬሽኑ ለሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ካለ፣ 720 ኪሎ። 5 በመቶ ብክነት ሲጨመር 756 ኪሎ ይሆናል። 50 ኪሎ በሚይዘው ከረጢት 16 ትጠይቂያለሽ፤ ማለትም 8 ኩንታል። ከረጢት ተቆርሶ ስለማይገዛ ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው የሚጠጋጋው።

ብዙ ተፈታኝ የሚወድቀው ስክሪዱ ላይ ነው፤ ኮንክሪቱ ላይ፣ ከሴራሚኩ በታች የሚነጠፈው የሲሚንቶና አሸዋ ድብልቅ ማለት ነው። 5 ሳንቲ ከሆነ 1 ሜትር ኩብ ነው፤ ግን ይሄ የተቦካው ነው። ደረቁ ሲሚንቶና አሸዋ ውሃ ሲገባው ስለሚያንስ በ1.3 አባዢው። ድብልቁ 1 ለ 3 ከሆነ ለአራት ክፈዪው፤ አንዱ እጅ፣ 0.325 ሜትር ኩብ፣ ሲሚንቶ ነው። የሲሚንቶን ሜትር ኩብ 1400 ኪሎ ብለሽ ስትይዢ 455 ኪሎ ይሆናል። ከብክነቱ ጋር 10 ከረጢት ሲሚንቶና 1 ሜትር ኩብ ገደማ አሸዋ ማለት ነው።

ፈተናው ላይ ውፍረቱን፣ ድብልቁንና የብክነት መቶኛውን ያልነገሩሽ እንደሆነ፣ ግምትሽን ጮክ ብለሽ ተናገሪና ወረቀቱ ላይ ጻፊው። ቁጥርሽ ከነሱ ቢለይ እንኳ መንገድሽን ያዩታል። እኔ ብቀጥር ይሄን ነው የምመዝነው።

እስከዚያ ሰፈርሽ ውስጥ ወለል የሚሠራ ሳይት ፈልጊ። ፎርማኑን አስፈቅደሽ አንድ ክፍል ለኪ፣ ዕቃውን አስዪ። ሥራው ሲያልቅ ስቶር ኪፐሩ ካርድ ላይ ከወጣው ጋር አስተያዪው። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ፎርማኑን ጠይቂው፤ የብክነቱን መቶኛ ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው።